ካፖርት የሚሰቀልበት ጥግ

ዘመንፈስ በፍራንክፈርት ኢትዮጵያውያን ማኅበር ድግስ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ፣ ካፖርት በሚሰቀልበት ጥግ ነበር። እዚያ ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። ዶክተሮቹና ኢንጂነሮቹ ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ይጠራሉ፤ እሱ ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር ካለ መጋዘን ስታፕለር የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ሲነዳ፣ ዕቃ ሲያነሳና ሲደረድር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቅር አይለውም ነበር። «ፈተናው ለሁላችንም አንድ ነበር፤ እነሱ አለፉ፣ እኔ ወደቅሁ» ይላል ሲጠየቅ።

የተፈተነው ከጓደኛው ከገናናው ጋር ነው። በወጣትነታቸው አብረው ፍራንክፈርት መጥተው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሲያጠኑ የከረሙ ጓደኛሞች ናቸው። ገናናው አልፎ ኢንጂነር ሆነ፤ ኒደርራድ በሚባለው የቢሮዎች ሰፈር ሥራ ገባ። በድግሱ ላይ ግን ሳህኑን ይዞ ከፊተኛው ጠረጴዛ ይነሳና ወደ ካፖርቶቹ ይመጣል።

«ሂድ ወደ ቦታህ፤» ይለዋል ዘመንፈስ። «ለፍተህ ያገኘኸው ነው።»

«የተማርኩት ለወንበር ነው እንዴ? ጠጋ በል።»

«ሰው ያየናል።»

«ይየን። እዚያ የሚወራው ስለ ጉልበት ሕመም ብቻ ነው።»

ዘመንፈስ እየሳቀ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እየቆየ ገናናውም መምጣቱን ተወ።

ባለፈው ኅዳር ገናናው ሞተ። ሚስቱ ገላነሽ በልቅሶው መሐል ዘመንፈስን ፈልጋ በሩ አጠገብ አገኘችው።

«የሕይወት ታሪኩን አንተ አንብብልኝ። ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«እኔ? ይህ ሁሉ የተማረ ሰው እያለ? ለእሱም ክብር አይሆንም፣ ገላነሽዬ። ዶክተር ሰይፈ ገብርኤል ያንብቡት።»

ጥቂት አየችው። ልትለምነው ብላ ተወችው።

በቀብሩ ቀን ዶክተሩ በጥሩ ድምፅ አነበቡ። የተማረበትን፣ የሠራበትን፣ የተሸለመበትን፣ አንድም ሳያስቀሩ። ሰዉም አመሰገናቸው። ዘመንፈስ ከኋላ ቆሞ አንድ ነገር እስኪነሳ ይጠብቅ ነበር። ያኔ በወጣትነታቸው፣ ዘመንፈስ ፈተናውን መውደቁን በሰማ ሰሞን፣ ገናናው የራሱን ማለፍ እያወቀ «የእኔ ገና አልታወቀም» እያለ አብሮት ሲተክዝ ሰንብቷል። ማለፉን ዘመንፈስ የሰማው ከሌላ ልጅ አፍ ነው። ይህን ከእሱ በቀር የሚናገር እንደሌለ የገባው ገናናው አፈር ሲለብስ ነበር።

ከቀብር መልስ በማኅበሩ አዳራሽ ገላነሽ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ዶክተሩ ጥሩ አድርገው አነበቡ» አለች። «የእኔን ገናናው ግን ከንባቡ ውስጥ አጣሁት።»

ሊነግራት አፉን ሲከፍት ሴቶች መጥተው ደግፈው ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ወሰዷት። ዞር ብላ በእጇ ጠራችው። እሱ እምቢ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ፤ ልማድ ነው። ፈተናው የወሰነው የሚሠራውን ሥራ ብቻ ነበር። ከማን ጋር እንደሚበላና ለማን እንደሚናገር የወሰነው ራሱ ነው።

ምግብ ቀረበለት። ሳህኑን ሳይነካ ቆየና፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የመጣ ይመስል፣ ጠጋ አለ።