ጣራው ላይ ማን አወጣህ?

ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ከኮምፒውተሬ ይልቅ የፈለጉት ካሜራዬን ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶቼ እያዩ መኪና ውስጥ አስገቡኝ። አንዲት ሴት ብቻ «ምን አድርጎ ነው?» አለች።

ያደረግኩት ስለ ወፍ መጻፍ ነው። ሌላው በብሎጉ ስለ ኳስ ሲከራከር እኔ ስለ አንዲት ጭልፊት እጽፍ ነበር። ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለ ረጅም ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርታለች፤ ከተክለ ሃይማኖት ሥጋ ቤቶች የነጠቀችውን ይዛ ስትመለስ ጣራው ላይ ሆኜ ፎቶ አነሳታለሁ። ከፎቶው ሥር ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ጎረቤቶቼ ጭቅጭቅ ትንሽ እቀባጥራለሁ። አንባቢዎቼ ጥቂት ነበሩ። መርማሪዬ አንዱ መሆኑን ግን አላወቅኩም።

«ከወፏ ጀርባ ያለው ሕንፃ ምንድነው?» አለኝ ፎቶውን እያሳየኝ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ይህን ብነግረው ሳቀ።

«ጤነኛ ሰው ለወፍ ብሎ በየቀኑ ጣራ ላይ አይወጣም። በሩ ደግሞ በቁልፍ ነው የሚዘጋው። ማን አወጣህ?»

ያወጡኝ የብሎካችን ጥበቃ ናቸው፤ ቤተሰቦቻቸውን ወሎ ትተው የመጡ አዛውንት። ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ ታዘዋል። ለእኔ ግን ይሰጡኝና ስወርድ «ዛሬስ ጫጩቶቿን ምን አበላቻቸው?» ብለው ይጠይቁኛል። ስማቸውን ብጠራ ወዲያውኑ እንደሚያመጧቸው ገባኝ። ያንን ዕድሜ ይዘው እዚህ ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ ታዩኝ።

«በሩ ክፍት ነበር» አልኩ።

የታሰርኩባት ክፍል የረጠበ ብርድ ልብስ ትሸታለች። አምፖሏ አይጠፋም። የቤቱ ደንብ ሆኖ አዲስ ገቢ ለምን እንደታሰረ ለሁሉም ይናገራል፤ ተናገርኩ። «በወፍ?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ቀጭን ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነው። ፍራሹን ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ። ከየቤታችን የሚመጣው ምግብ አንድ ትሪ ላይ ተገልብጦ አብረን ስንበላ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ አጎረሰኝ። ገና እያላመጥኩ ሳለ፣

«በሩን ግን ማን ከፈተልህ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጠዋት መርማሪው የጠየቀኝን ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ርቄ ተቀመጥኩ፤ ሲያጎርሰኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። በእንቅልፌ ስም እንዳልጠራ እንኳ እፈራ ነበር። በሸሚዙ ንጽሕና፣ በደግነቱ፣ በዝምታው፣ በሁሉም ተጠራጠርኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠርተው ወሰዱት። ሲመለስ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር፤ እግሩ አብጦ አልገባ ብሎታል። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እኔ ግን ያበጠውን እግር እያየሁ «ይሄም እኔን ለማታለል ተብሎ ቢሆንስ?» ብዬ አሰብኩ። እዚያ ቤት ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ትሪው ሲቀርብ እንጀራውን መቁረስ አቃተው። ተነስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና አጎረስኩት። ቀስ ብሎ አላመጠ።

«አሁንም አልነገርከኝም» አለ።

«አልነግርህም።»

«እንደሱ ነው። ለማንም እንዳትናገር።»

ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መርማሪው በማግሥቱ ሲጠይቀኝ «በሩ ክፍት ነበር» አልኩት። ብዙ ጊዜ ጠየቀኝ፤ አንዳንዴ በአፉ፣ አንዳንዴ በእጁ። በመጨረሻ፣ እንደታሰርኩ ሁሉ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ።

ግቢው በር ላይ ጥበቃው ቆመው አገኘኋቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አለመነካታቸውን በዓይኔ አየሁ። እሳቸው ግን ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝ።

«ስሜን ሰጠሃቸው እንዴ ልጄ?»

«በጭራሽ አባባ።»

«ታዲያ እንዴት ለቀቁህ?»

ብምልም እንደማያምኑኝ ፊታቸው ላይ አነበብኩ። ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ትተው ሄዱ፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ያ ጥያቄያቸው ከጥፊው የበለጠ ያመኛል። ይህን ስጽፍም ስማቸውን ትቼዋለሁ። አንድ ቀን ይህ ጽሑፍ እጃቸው ቢገባ ወይም ሰው ቢያነብላቸው፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስማቸውን ፈልገው እንዲያጡት እፈልጋለሁ።