ተጠግኗል ብዬ የተየብኩት ቱቦ

ናይሮቢ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሥራ አገኘሁ። የሰፈራችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በየወሩ ለነዋሪዎች አንዲት ቅጠል ወረቀት ያወጣ ነበር። ቆሻሻ የሚነሣበት ቀን፣ ውኃ የሚቋረጥባቸው መንገዶች፣ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ፣ የተጠገነውና የሚጠገነው ሁሉ እዚያች ላይ ይሰፍራል። እንግሊዝኛ የሚተይብ ሰው ይፈልጉ ስለነበር፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለ እኔ ነገሩልኝ። በሳምንት ሦስት ቀን እንድመጣ ተባልኩ።

ታይፕ የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ውስጥ ነው። እዚያም የማዘጋጀው ሪፖርት ነበር። ዘይት ለሁሉም ቤተሰብ ታድሏል ብዬ ተይቤ ቤቴ ስገባ እናቴ ሽሮውን ያለ ዘይት ሠርታ ትጠብቀኛለች። እሷም አትጠይቀኝም፣ እኔም አልነግራትም። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ አብረውኝ የሚዘምሩት መታሰር ሲጀምሩ በሞያሌ በኩል ወጣሁ። መንገድ ላይ ብዙ ነገር ቢያስፈራኝም፣ ከዚያ የጽሕፈት መኪና መገላገሌን እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር።

የምኖረው በዕድሜ እናቴን ከሚበልጡ ሴት ጋር ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። እንደ እኔው ስደተኛ ናቸው፣ የምንተዋወቀውም ከቤተ ክርስቲያን ነው። በአንድ ረጅም ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ስምንት ክፍሎች አንዷን ተከራይተን፣ እሳቸው በስፌት መኪናቸው የሴቶች ቀሚስ ይሰፋሉ። በቀሩት ሰባት ክፍሎች ውስጥ ያሉት ኬንያውያን ናቸው። ሽንት ቤቱም የውኃ ቧንቧውም የጋራ ነው። የግቢው ባለቤት ሌላ ሰፈር ስለሚኖር ብቅ የሚለው በወር አንድ ቀን ነበር።

ትልቁ ዝናብ በጀመረ ሰሞን በበራችን ፊት የሚያልፈው የፍሳሽ ቱቦ ፈነዳ። የጉድጓዱ ክዳን ተነሥቶ ከላይኛው ሰፈር ሁሉ የሚወርደው ወደ ግቢያችን ይፈስ ጀመር። መጀመሪያ ቡናማ ውኃ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ወፈረ። የሰው ዓይነ ምድር፣ የራሰ ወረቀት፣ የሕፃን ጨርቅ እየተንሳፈፈ የውኃ ቧንቧው ሥር ይጠራቀማል። ጡብ ደርድረን በዚያ ላይ እየዘለልን እንወጣለን። ትሎች ግድግዳውን ይዘው ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ሽታው ፀጉራችን ውስጥ፣ ዳቦው ውስጥ፣ ትራሱ ውስጥ ገባ። ሀብታሞቹ ሰፈር ላቪንግተን የሚኖሩ፣ ባላቸው አየር መንገድ የሚሠሩ አንዲት ሐበሻ ደንበኛ የተሰፋላቸውን ቀሚስ በሁለት ጣት አንጠልጥለው መልሰው አመጡት። እማማ ሁለት ጊዜ አጥበው ቢሰጧቸውም አልወሰዱትም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። የነዋሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ነበር። ሸሚዙ ዘወትር የነጣ፣ ኪሱ ውስጥ ሽቶ የተነከረ መሐረብ የማይጠፋ ሰው። ስነግረው መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ የመንገዳችንን ስም መዘገበ፤ ኬሾ ይመጣሉ፣ ነገ ማለት ነው፣ አለኝ። በማግስቱም ስጠይቀው ኬሾ አለ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ የወሩ ወረቀት ደረሰ። አለቃዬ የተጠበሰ የፍየል ሥጋ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እየበላ ነበር ዜናውን የሚነግረኝ። በስቡ የጨቀየ ጣቱን እያነሣ ይጠቁመኛል፤ እኔ ለማባዣው በሚሆነው የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉ ላይ፣ እተይባለሁ። የቆሻሻ መኪና ማክሰኞና ዓርብ። ክትባት ሰኞ ጠዋት። ቀጥሎ የእኛን መንገድ ስም ጠራና የፈነዳው የፍሳሽ ቱቦ ተጠግኗል አለ።

እጄ ቆመ። እዚያ እንደምኖርና ዛሬ ጠዋት እንኳ በጡብ ላይ ዘልዬ እንደወጣሁ ነገርኩት። እያኘከ ሰማኝ። ከጥገና ክፍሉ የመጣው ሪፖርት ተጠግኗል እንደሚል፣ ሪፖርት ከመጣ ደግሞ ነገሩ እንዳለቀ አስረዳኝ። አጥንቱን ወረቀት ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

“የስደተኛ ወረቀትሽ የሚታደሰው መቼ ነው?”

ተየብኩት። አንዲት ፊደል እንኳ አልሳትኩም። ወረቀቱን ከማባዣው ሳወጣ የቀለሙ ሽታ፣ የሥጋው ሽታና ከልብሴ ላይ የማይለቀው የግቢያችን ሽታ አንድ ላይ መጡብኝ። ወጥቼ ከጽሕፈት ቤቱ ኋላ አስታወክሁ፤ አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩና የቀሩትን ቅጂዎች አጠፍኩ።

ወረቀቷ በግቢያችን በርም ተለጠፈች። እማማ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። ስለ ቆሻሻ መኪናውና ስለ ክትባቱ አነበብኩላቸውና ሌላ የለም አልኳቸው። በማግስቱ ግን ጎረቤታችን፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ኬንያዊት፣ ወረቀቷን ከበሩ ገንጥላ ቱቦው ተሠርቷል ይላሉ ብላ በስዋሂሊ ነገረቻቸው። ስገባ እማማ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በጨው ውኃ ይዘፈዝፋሉ። የእግራቸው ጣቶች መካከል ቆስሎ ነበር።

“አንቺ ነሽ የጻፍሽው?” አሉኝ።

“አዎ እማማ።”

“እያየሽው?”

ባልጽፈው ሌላ ሰው እንደሚጽፈው፣ ሥራዬን ካጣሁ ሁለታችንም እንደምንቸገር ነገርኳቸው። እግራቸውን በፎጣ አደራርቀው ወደ ስፌታቸው ዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ኃላፊው ባለጉዳይ የሚያነጋግርበት ቀን ነው። ያን ሐሙስ ቀና ስል እማማ ከወረፋው መካከል ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን በደንብ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ላይ ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘዋል። እንደማያውቁኝ ሆነው ተራቸውን ጠበቁ። ጎረቤታችንም አጠገባቸው ነበረች። ተራቸው ሲደርስ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ቀርበው ቆርቆሮውን በእርጋታ አስቀመጡና ከፈቱት።

ምን እንደያዘ ለማወቅ ማየት አላስፈለገም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ መሐረቡን ፈለገ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። “ንገሪልኝ። ተጠግኗል ካላችሁት ቱቦ ዛሬ ጠዋት የቀዳሁት ነው በይው።”

ተነሣሁ። በእንግሊዝኛ፣ እኚህ እናት በመንገዳቸው ላይ ስለ ፍሳሽ ትንሽ ቅሬታ አላቸው አልኩ። እማማ እንግሊዝኛ ባያውቁም የንግግሬን ርዝመት ያውቃሉ፤ የፊቴንም ሁኔታ አይተዋል።

“እንዲህ አላልኩም። እንዳልኩት ንገሪልኝ፣ ልጄ።”

ያን ጊዜ ኃላፊው በዓይኑ አስጠነቀቀኝ። እሱን አልፌ ቆርቆሮውን አየሁ። ከዚያ እማማ እንዳሉት፣ ቃል በቃል ተናገርኩ። ሳልጠየቅም ጨመርኩበት፤ ወረቀቷን የተየብኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ እንደተየብኩ ተናገርኩ። ጎረቤታችን ለወረፋው በስዋሂሊ ደገመችው። ከወንበሮቹ አንድ ሕንዳዊ ባለ ሱቅ ተነሥቶ በእሱም መንገድ ተጠርጓል የተባለው ቦይ እንደተደፈነ ነው አለ። ሌሎችም ቀጠሉ። ኃላፊው መሐረቡን አፉ ላይ እንደያዘ ነገ ሠራተኛ እልካለሁ ሲል ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። እዚያው ስልክ አስደወሉት።

ሠራተኞቹ በማግስቱ መጡ። ቆፍረው ሲያዩ አሮጌው ቱቦ ተሰባብሮ ነበር፤ ከመሬት በታች አካፋ የነካው ነገር የለም። አዲስ ቱቦ አገናኝተው ጉድጓዱን ከደኑ። ግቢውን እኛ ሴቶቹ በኖራና በመጥረጊያ ሁለት ቀን ሙሉ አጠብን።

እኔ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ከበሩ ላይ፣ አትምጪ ተባልኩ። ምክንያት አልተሰጠኝም፤ አልጠየቅሁምም። የሚቀጥለው ወር ወረቀት በሌላ እጅ ተተይቦ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ ባደረገው የራሱ ቁጥጥር የታየ ጉድለት በፍጥነት ተስተካክሏል፣ ነዋሪዎችም ስለ ትዕግሥታቸው ይመሰገናሉ ይላል። ለእማማ አነበብኩላቸው፤ አሁን ምንም አልዘለልኩም። ሰምተው ምራቃቸውን ውጭ ተፍተው ገቡ።

ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ ግን ልዋሽ አልችልም። ከሥራ በወጣሁ ሰሞን ያንገበገበኝ ውሸቱ ሳይሆን የእማማ ድፍረት ነበር። ሳይነግሩኝ መጥተው ሰው ፊት ስላቆሙኝ ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። የቆሰለ እግራቸውን እያየሁ፣ ያን የተመረዘ ውኃ ጎንበስ ብለው በእጃቸው እንደቀዱት እያወቅሁ። በአራተኛው ቀን ቁልፍ መትከል ያስተምሩኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወንበር ሳቡልኝና ክሩን መርፌው ውስጥ አስገቢ አሉኝ። እግራቸው እስኪድን ወር ፈጀ፤ እኔም በዚያ ወር ቀሚስ መቁረጥ ለመድኩ።