ሰዓቱን አስቀድም

ጌጃ ሰፈር ሲፈርስ እኔና እናቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ጎረቤቶቻችን ግን እንደ ጤፍ ተበተኑ። አንዱ ጀሞ፣ ሌላው ገላን። እድሩ አልፈረሰም፤ ግን ጥሩንባ ነፊው የቱ ጋ ቆሞ ይንፋ? እናቴን የሚያስጨንቃት የልብ ሕመሟ ሳይሆን ይሄ ነበር። «ማን ሰምቶ ይቀብረኛል?» ትለኛለች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋዋ ውስጥ ሆና።

ያኔ ፓይዘን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ጀምሬ ነበር። ምሳሌው ሁሉ ስለ ፖምና ሙዝ ነው፤ ሰለቸኝ። ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ተነጋገርኩና መርዶ በስልክ መልእክት የሚያደርስ ፕሮግራም ልሠራ ተስማማን። ነገሩ ከባድ አይደለም። ጸሐፊው የሟችን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን በነጠላ ሰረዝ እየለየ በአንድ መስመር ይጽፋል። ስፕሊት የሚባለው ትእዛዝ መስመሩን ነጠላ ሰረዙ ላይ እየቆረጠ ይለያየዋል። ፎርማት እያንዳንዱን ቁራጭ አስቀድሞ በተዘጋጀ ዐረፍተ ነገር ክፍት ቦታ ውስጥ ይከተዋል። ጆይን ደግሞ ዐረፍተ ነገሮቹን አያይዞ አንድ መልእክት ያደርጋቸዋል። ቁራጮቹ ከዜሮ ጀምረው እንደሚቆጠሩ እስክለምድ ስንቴ ሟቹን ሰዓት፣ ሰዓቱን ሟች አድርጌዋለሁ።

«የእኔን አንብብልኝ» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን።

«አታሟርቺ» ብዬ ተቆጣሁ።

«ሞቴን አንተ ነህ የምታመጣው? አንብብ።»

ስሟን አስገብቼ አነበብኩላት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «‹ከረጅም ሕመም በኋላ› የሚለውን አውጣው፤ ማን ጠየቀህ? ሰዓቱን ደግሞ አስቀድም። ሰው ስም ሰምቶ ያለቅሳል እንጂ ከቤቱ የሚነሳው ሰዓቱን ሲያውቅ ነው።»

እንዳለችው ቅደም ተከተሉን አቀያየርኩ። በእኔም በጸሐፊውም ስልክ ሞከርነው፤ ጥርት ብሎ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የቀብሯን ነገር አላነሳችም።

ክረምት ላይ ሞተች። ጸሐፊው መስመሩን ጻፈ፤ መልእክቱ በጠዋት ለሁሉም ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ከአስከሬኑ ኋላ ያሉት የኮንዶሚኒየሙ ሰዎችና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ብቻ ነበሩ። ከጌጃ ሰፈር ከጸሐፊው በቀር ማንም የለም። ወሽመጤ ተቆረጠ። ሰው እንዲህ ይጨክናል እያልኩ ሁሉንም በሆዴ ረገምኳቸው።

በመሃል አንዲት ሴትዮ፣ ጌጃ ሰፈር ከእናቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሃያ ምናምን ዓመት የኖሩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በዝናብ ርሰው በበሩ ገቡ። ያቺን ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ለካ ስልኳ ፊደላችንን አታውቅም፤ ቃሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደርድሯል። የሚነበበው ከመጀመሪያ ያለው 9:00 ብቻ ነው። ኋላ እንደሰማሁት የአብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ስልክም እንደዚያው ነበር፤ ምንነቱ ስላልገባቸው ትተውታል።

«በቁጥሩ አወቅኩት፤ የላከው የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ሰዓት አለበት። እንግዲህ ሰው ሞቷል አልኩ። ቀብር ከሆነ መቼም ልደታ ነው» አሉኝ። ከዚያ በሰዉ መሃል ዐይናቸውን አንከራተቱ። «እናትህ የት አለች፣ ልጄ? አብሬያት ልቁም። ማን ነው የሞተብን?»

መርዶውን እዚያው በአፌ ነገርኳቸው።