አህያውን ያሰረው

ተረት የነገራችሁ ሰው ወንድማችሁን አሳልፎ ቢሰጥ፣ ተረቱን የት ትጥሉታላችሁ? እኔ መልሱን ባነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌዋለሁ። ስለ ይቅርታ ውበት ያልጻፈ የለም። አብዛኞቹ ግን ይቅርታ ከሚፈልጉት ወገን የሚጽፉ ይመስሉኛል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ላፍቶ ነበር። ያኔ ላፍቶን ከተማ ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ ከጓሯችን የጤፍ ማሳ ይጀምራል፣ ከማሳው ማዶ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ ደግሞ ወደ ፉሪ የሚወስደው የእግር መንገድ አለ። እናቴ ባሏ የሞተባት፣ ፋብሪካ ውላ የምትገባ ሴት ነበረች። ወንድሜ ሙሉጌታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እኔ ደግሞ የሄደበት ሁሉ የምከተለው ጭራው ነበርኩ። አጥር የምንጋራቸው አባባ ደምሴ ከሽቦ አልባው ጣቢያ በጡረታ የወጡ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባዕድ መልእክት ሲቀበሉ ስለኖሩ እንግሊዝኛ እንደሳቸው የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣውን የልጅ ልጃቸውን ዳንኤልን ያሳድጋሉ። ዳንኤልና ሙሉጌታ እኩያሞች ናቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ዴስክ አልተለያዩም።

የዚያ ዓመት ማትሪክ ለእኛ ቤት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ለግንባር የሚላክ ወጣት ከየቀበሌው በኮታ ይጠየቃል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ይተርፋል፣ የወደቀ ይሄዳል። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ሙሉጌታን እጁን ይዛ አባባ ደምሴ ዘንድ ወሰደችውና፣ «የሚጥለው እንግሊዝኛው ነው። ልጄን አደራ» አለቻቸው። አደራ አለች። ቃሉን የምደግመው ሳታስተውሉት እንዳታልፉ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ሲመሽ እሳቸው ቤት እንሰበሰብ ነበር። ያኔ መብራት እኛ ድረስ ስላልዘለቀ ፋኖሱ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስነባ፣ የፍሙ ቅላት ፊታቸው ላይ እየተመላለሰ፣ አባባ ደምሴ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ይጀምራሉ።

«ፈታኝ ቃሉን ከፊት አይጠይቃችሁም። በጀርባው ነው የሚመጣባችሁ» ይሉ ነበር። «ባንክ የገንዘብ ቤት ነው የሚል ሞልቷል፤ ፈታኙ ግን የወንዝ ዳር አድርጎ ያመጣዋል። ስኩልን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የዓሣ መንጋም ስኩል መባሉን የሚያውቅ ግን ያልፋል።»

ጀርባ ላለው ቃል ሁሉ ተረት ነበራቸው። ተረቱ ሲያልቅ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። ዳንኤል ጅማን ሰጠ፣ ደሴን ሰጠ፣ አሰላን ሰጠ፤ ሙሉጌታ ሁሉንም ወሰደበት።

«በል አገር ስጠኝ!»

«አለቀብኝ እኮ! የቀረችኝ ፉሪ ብቻ ናት።»

«ፉሪን ለራስህ ያዛት፤ ጅብ ይብላኝ እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ! ያንተን አጥንት ጅብም አይመኘው።»

አባባ ደምሴ ሲስቁ ድምፃቸው አይሰማም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እወዳቸው ነበር።

እስከ ዛሬ የማይለቀኝ የ«ፋስት» ተረት ነው። ጅብ ጾም ያዝኩ ብሎ በመንደሩ አስነገረ። ባለ አህያው ይህን አምኖ፣ አህያውን ከግቢው ውጭ ከግንድ ጋር ጥብቅ አድርጎ አስሮ ገባ። ፀሐይ ጠለቀች፤ ጅቡ እንደ ነፋስ ፈጥኖ መጣና ጾሙን በአህያው ፈታ። «ይኸውላችሁ» አሉ አባባ ደምሴ፣ «የጅቡ ፍጥነት ፋስት ነው፣ ጾሙ ፋስት ነው፣ ገመዱ መጥበቁም ፋስት ነው። ፈታኙ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመጣ እሱ ያውቃል።»

ሙሉጌታ አልሳቀም። «አባባ፣ አህያውን ያሰረው ማነው?» አለ።

«ባለቤቱ ነዋ።»

«ታዲያ ጅቡን ለምን እንወቅሳለን? ጅብ መቼም ጅብ ነው።»

አባባ ደምሴ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ። «ይህን ፈታኝ አይጠይቅህም» አሉት በመጨረሻ።

ፈተናው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አፈሳው ሰፈራችን ደረሰ። ሙሉጌታ ውሻ በጮኸ ቁጥር መጽሐፉን አጥፎ ይነሳል፤ እናቴ ከፋብሪካ ስትመለስ ገና ከበሩ ሳትገባ ስሙን ትጣራለች። ወተት የሚያመጡልን የፉሪ ገበሬ፣ «ነገሩ እስኪበርድ እኛ ዘንድ ይቆይ፤ ለፈተናው ቀን እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» አሏት። ብርድ ልብሱንና ደብተሮቹን በነጠላ ቋጠረች። ጎህ ሲቀድ ሊሄድ ነው።

አባባ ደምሴ ይህን ሰምተው በዚያው ቀን መጡ። «አስካለ፣ ምን ሆነሻል? የሸሸ ልጅ ነው የሚፈለገው። ቀበሌውን አነጋግሬያለሁ፤ ለፈተና የተመዘገበ አይነካም።»

«እውነት አባባ?»

«ዳንኤል ይሙት!»

እናቴ ቋጠሮውን ፈታችው።

በማግስቱ፣ ፋኖሱ እንደተለኮሰ፣ ክላሽ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች የአባባ ደምሴን በር ገፍተው ገቡ። ተራው የሙሉጌታ ነበር፤ ዳንኤልን እንቆቅልሽ ሊጠይቀው አፉን ከፍቷል። ከጥበቃዎቹ አንዱ የሰፈራችን ልጅ ስለነበር እጅ እንደ መንሳት ጎንበስ አለና፣ «አባባ፣ እንደተነጋገርነው አንድ ነው። የትኛው ነው?» አላቸው።

እንደተነጋገርነው። ቀበሌው ከሁለቱ አንዱን ፈልጎ ምርጫውን ለሽማግሌው ትቶላቸው ነበር። ዳንኤል ይሙት ብለው ሲምሉ ይህን ያውቁ ነበር።

«ኧረ ተመዝግበናል በሏቸው፣ አባባ» አለ ሙሉጌታ። አሁንም ያምናቸው ነበር።

የአባባ ደምሴ እጅ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣና ዳንኤል ትከሻ ላይ አረፈ። «ይህ የእኔ ነው» አሉ። የወንድሜን ስም እንኳ አልጠሩም።

«ተነስ ወንድሜ፤ ጫማህን አድርግ» አለው ጥበቃው።

ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ቀና ሲል ወደ እኔ አልነበረም የተመለከተው፤ ወደ ዳንኤል ነበር። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ዳኒ» አለው፣ «እስቲ ያችን ፉሪን አሁን ስጠኝ።»

ዳንኤል ፍሙን ያያል። አልሰጠውም። አንድ ቃል ነው፤ አልሰጠውም።

ዳንኤል ተፈተነና አለፈ። ከፈተናው ሲመለስ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ እናቴን፣ «ፋስት መጥታ ነበር፤ አገኘኋት!» አላት። ልጅ ነው፣ ደስ ብሎት ነው አሉ ጎረቤቶች። የሙሉጌታ መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ያልመጣለት አይለቀስለትምና እናቴ አላለቀሰችም። መንግሥቱ ወድቆ ወታደሮች ቁስላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በእግራቸው ሲመለሱ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። አባባ ደምሴ አንድ ቀን ውሃ ይዘውላት ሄዱ። ሳትቀበላቸው ተመለሱ።

ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ኑሮዬን የገፋሁት በዚያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጀርባ ያለው ቃል ባጋጠመኝ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ የባሕር ዛፍ ጭስ ነው፣ ቀጥሎ የዚያ እጅ ከጋቢ መውጣት። ተረቶቹን መጣል አልቻልኩም። አንዲቱም አልጠፋችኝም።

ባለፈው ክረምት ዳንኤል ስልኬን አፈላልጎ ደወለ። ድምፁ የአያቱን ሆኗል።

«ፉሪ ቤት ሠራን፣ ሚጡ። ሰፊ ነው፤ ነይና ጥቂት አርፈሽ ትሄጃለሽ።»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«አባባ ሲሞቱ ስማችሁን ይጠሩ ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ ነው፣ እህቴ። ይቅር በይን።»

ዘመኑ ነው አለኝ። ጅቡ ማለቱ ነው። ጅቡንማ አውቀዋለሁ።

«አህያውን ያሰረው ማነው?» አልኩት።

እንደዚያ ምሽት፣ አሁንም አልመለሰም። ስልኩን ዘጋሁት።

ሽማግሌው የሚያሳድጉት አንድ ልጅ ብቻ እንደነበራቸው አውቃለሁ። ዳንኤል ፈርቶ እንደነበር አውቃለሁ። ጥበቃው ታዝዞ፣ እናቴም ሽማግሌውን አምና እንደነበር አውቃለሁ። ሁሉም ይገባኛል። ማንንም ይቅር አልልም።