ማርታ ያላነሳችው ጎዝ

ጤና ረዳት ሆኜ ሶዶ ከተማ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ ሲስተር አልማዝ ጓንት አቀበሉኝና «የሚደማ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ተጫን፤ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ነገሩ እስኪገባኝ ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ባጃጅ ሶዶን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ሰሞን፣ መድኃኒት የተቀባ ጎዝ፣ ማለትም ቁስል ላይ የሚደረግ ስስ ጨርቅ፣ ከውጭ አገር መጣልን። ከባድ የደም መፍሰስ ያቆማል ተብሎ፣ እኛ ጋ ይሠራ እንደሆነ እንድንፈትሽ ነበር። መጀመሪያ ቄራ ሄደን ትኩስ የበሬ ደም በኩባያ ተቀበልን። ጎዙን ስንከተው ደሙ ዓይናችን እያየ እንደ እርጎ ረጋ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሰው ላይ ሲደርስ ግን እንዲያ አልሆነም። ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ሲፈቅድ ጎዙን ቁስሉ ውስጥ እጠቀጥቅና እጫናለሁ። ቅጹ «ደሙ በስንተኛው ደቂቃ ቆመ?» ይላል። እኔ ደግሞ ቅጽ ላይ ቀልድ አላውቅም። በየደቂቃው ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ይደማል፤ እጽፋለሁ፤ መልሼ እጫናለሁ። ስድስት ሰው ላይ ሞክሬ ስድስቱንም «አልሠራም» ብዬ ፈረምኩ። ሰዎቹን ያተረፋቸው የሐኪሙ ስፌት ነው።

ሲስተር አልማዝ ቅጾቹን አገላብጠው «እንግዲያው ይመለስ» አሉ። የቀረውን ጎዝ ካርቶን ውስጥ አሸግኩት።

በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሳምንት፣ አንጁሎ የሚባል ገበሬ ከጉኑኖ በኩል በሚኒባስ መጣ። ሚስቱ ማርታ ደግፋዋለች። ከጎረቤቶቹ ጋር ሰንጋ አርደው ሥጋ ሲከፋፈሉ ቢላዋ ሾልኮ ከብሽሽቱ ሥር ገብቷል። ቦታው ከላይ ለማሰር አይመችም። ተራው ጎዝ በተጫነ ቁጥር ደም ጠጥቶ ይወጣል። በጠራራ ፀሐይ «በረደኝ» ይላል። ሐኪሙ ኦፕሬሽን ክፍል ሌላ ሰው ይዘዋል።

«ያንን ጎዝ አምጣው!» አሉ ሲስተር አልማዝ።

«አይሠራም እኮ፣ ሲስተር።»

«ሌላ አለህ?»

አልነበረኝም። ካርቶኑን ቀድጄ ጎዙን ጠቀጠቅኩ። ሲስተር ሐኪሙን ሊጠሩ ሮጡ። ግሉኮስ የሚሰካ ሌላ ሰው ስላልነበረ የማርታን እጅ ይዤ ቁስሉ ላይ አኖርኩት።

«በሙሉ ክብደትሽ ተጫኚ። ሳልነግርሽ እንዳታነሺ።»

ማርታ ዓይኗን ጨፍና በወላይትኛ መጸለይ ጀመረች። «ታ ጦሳው፣ ታ ጦሳው» ትላለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የደም ሥሩ ይጠፋል። ግራ ክንዱን ሞከርኩ፣ ቀኙን ሞከርኩ፣ በመጨረሻ እግሩ ላይ አገኘሁ። ቀና ስል ሐኪሙ አጠገቤ ቆመዋል።

«እስቲ እንየው» አሏት።

ዓይኗን ሳትገልጥ «ዶክተሩ አንሺ አላለኝም» አለች። ዶክተር የምትለው እኔን ነው።

«አንሺ» አልኳት።

አነሳች። ደም የለም። ጎዙ ቁስሉ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የአንጁሎ ደረት ይነሳል፣ ይወርዳል። ኩባያ ውስጥ ያየሁት ነገር ሕያው ሰው ገላ ውስጥ ሆኖ ሳየው ሰውነቴን ወረረኝ። ሐኪሙም ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያ አስገብተው ሰፉት። አንጁሎ ሰንብቶ በእግሩ ሄደ።

እኔ ስድስቱን ቅጾች ይዤ ሲስተር አልማዝ ጋ ገባሁ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በየደቂቃው ስገልጠው ደሙ የሚረጋበት ጊዜ አላገኘም።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «እንደዚያው ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

አዲስ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ የሚደማ ቁስል ስትጫኑ፣ ለማየት ብላችሁ እጃችሁን አታንሱ።