ከማርካው ሥር

በሰፈሩ የብስክሌቱን ጽሑፍ አስለቅቆ ልሙጥ ማድረግ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚላከው ወደ እትዬ ጥፍር ነው። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ መካኒኩ ነው። የቀኝ አውራ ጣቷን ጥፍር አሳድጋ ጫፉን ሞርዳ ይዛዋለች፤ ስቲከር ከየትኛው ጥግ መላጥ እንደሚጀምር የሚያውቀው ያ ጥፍር ነው። ወንድሟ በሱቁ ደጃፍ ጎማ ይለጥፋል፣ ሰንሰለት ያጠብቃል። እሷ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ፍሬሙን ጭኗ ላይ አጋድማ ትቀመጣለች። ከጎኗ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ፣ በኩባያ የምግብ ዘይት፣ የሳሙና ውሃና ከአንሶላ የተቀደዱ ጨርቆች አሉ። ሌላ መሣሪያ የላትም።

መጀመሪያ ታሞቀዋለች። ሙጫው ሲለሰልስ ጥፍሯን ከጥጉ ታስገባና ስቲከሩን ወደ ኋላ እያጠፈች ቀስ ብላ ትስበዋለች። የቀረውን ሙጫ በዘይት አሽታ ታስለቅቃለች፤ ዘይቱን በሳሙና ውሃ ታጥባለች። የሚጣደፍ ደንበኛ ከመጣ፣ «ስቲከርና አማት በጉልበት አይላቀቁም» ትለዋለች። ጽሑፉ ከቨርኒሹ በታች የታተመ ከሆነ ግን አትነካውም።

«ይሄ ቀለም ቀቢ ነው የሚፈልገው። እኔ ልብሱን አወልቃለሁ እንጂ ቆዳውን አልገፍም።»

ማላቀቁን እንዲህ የቻለችው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለጥፍ ስለኖረች ነው።

ከወንዙ ማዶ የነበረው የብስክሌት ፋብሪካ ሳይዘጋ፣ ከቀለም ክፍሉ አጠገብ አራት ጠረጴዛ የተደረደረበት ክፍል ነበር። በመጨረሻው ጠረጴዛ እሷና አንዲት ጓደኛዋ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። ጓደኛዋን ሳቂታ ይሏታል፤ ሳቋ ከቀለም መርጫው ጩኸት በላይ ይሰማ ነበርና። ማርካው፣ የፋብሪካው ስም ያለበት ስቲከር፣ የሚያርፍበትን ቦታ ለክታ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ የሳቂታ ሥራ ነበር። መለጠፉና ከሥሩ የገባውን አየር በጨርቅ ጠርጎ ማስወጣቱ የእሷ። አንዷ ስትነጥብ ሌላዋ ስትለጥፍ፣ ሳይተያዩ እንኳ እጃቸው አይጋጭም።

ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። እትዬ ጥፍር የበኩር ልጇን ስትወልድ፣ የሁለቱንም ሥራ ብቻዋን ይዛ ቦታዋን ያቆየችላት ሳቂታ ናት። የቀለሙ ሽታ ከፀጉራቸው ስለማይለቅ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፈንጠር ብሎ ይቀመጥላቸዋል፤ እነሱም በሰፊው ተንሰራፍተው እየሳቁ ይሄዳሉ። ዛሬም የቨርኒሽ ሽታ ባፍንጫዋ ሽው ሲል ያ አውቶቡስ ነው ፊቷ ላይ ድቅን የሚለው።

ሆድና ጀርባ ያደረጋቸው የአርባ የልጆች ብስክሌት ነገር ነው። ሳቂታ የትልቁን ብስክሌት መለኪያ ይዛ ነጠበችና የማርካው ጫፍ ከብየዳው ላይ እየወጣ ተጨማደደ። እትዬ ጥፍርም የሥራው ቀን ሊያልቅ ሲል ዐይኗ ደክሞ ነበርና ሳታየው ለጠፈችው። ፎርማኑ አርባውንም በር ላይ አስደርድሮ፣ «ማን ነው ይሄን ያበላሸ?» አለ። እሷ ሳቂታን አየቻት። ሳቂታ ጣሪያውን አየች። በዚያ ጠረጴዛ ሦስተኛ ሰው አልነበረምና የፎርማኑ ጣት ወደ ለጣፊዋ ዞረ፤ አሥራ አምስት ቀን ከሥራ ታገደች። ጓደኛዋን አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም፤ ስትመለስ ግን ሰላምታም አልሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው አንገታቸውን ደፍተው የየራሳቸውን ፍሬም ለብቻ ይነጥባሉ፣ ይለጥፋሉ። እንዲህ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። ፋብሪካው ሲዘጋም በአንድ በር ወጥተው አንዷ ወዲያ፣ አንዷ ወዲህ ሄደች። ሳቂታ ልጇ ዘንድ ሌላ ከተማ ገባች ሲባል እትዬ ጥፍር ሰማች፤ «ይቅናት» አለች። ከሆዷ ግን አልወጣችም።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ ነጭ ብስክሌት እየገፋች መጣች።

«የአባቴ ነበር» አለች። «እኔ ልነዳው ነው። ጽሑፉ ግን ተላልጦ እከክ መስሏል። ልሙጥ ነጭ ሊያደርጉልኝ ይችላሉ፣ እትዬ?»

እትዬ ጥፍር ማርካውን ገና ስታይ አወቀችው። የእነሱ ፋብሪካ ነው። «ተይውና ሂጂ፣ ልጄ። ነገ ከሰዓት ነይ።»

የላይኛውን ቱቦ አጸዳች። የታችኛውን አሞቀች፣ ጥፍሯን አስገባች፣ ሳበች። ስቲከሩ ሲነሳ ከሥሩ የእርሳስ ጽሑፍ ብቅ አለ። የመለኪያ ነጥብ መስሏት ጨርቁን ዘይት ውስጥ ልትነክር ስትል እጇ ቆመ። ከፊሉ ከሙጫው ጋር ተነሥቷል፤ የቀረው ግን ይነበባል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አፌ ተሳሰረ። ይቅር በይኝ።»

ያንን እንደ ዶሮ ጭረት የተንጋደደ ጽሕፈት ከሺህ ትለየዋለች። ወንድሟን ጠራችው። እጁን እየጠረገ መጥቶ አነበበና፣ «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ፣ እትዬ?» ሊል ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

ነርሷ በማግሥቱ ስትመጣ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ነርሷ ጎንበስ ብላ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበች። «አባቴ ይሄንን ተሸክሞ ነው ያን ሁሉ ዘመን የነዳው? ከፈለጉ ይቆይ፣ እኔ ምንም አይመስለኝም።»

«ልሙጥ ነው ያልሽኝ፣ ልሙጥ ነው የምሰጥሽ» አለችና ጨርቁን ነክራ ራሷ አጠፋችው።

ያን ቀን ከሰዓት ወደ ፋብሪካው የድሮ ዘበኛ ቤት ሄደች። የሁሉም ሠራተኛ ስልክ ያለበት ደብተር አሁንም ከትራሱ ሥር ነው። እዚያው ደጁ ላይ ቆማ ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅሽ አረጀ» አለች ሳቂታ ከወዲያ ማዶ።

«ያንቺስ? ጽሑፍሽን አነበብኩት።»

«የቱን?»

«እንዴ፣ ስንት ነው ደግሞ?»

«እኔ እንጃ። ነጭ በሆነው ሁሉ ላይ ጽፌያለሁ። ጥቁሩ ላይ እርሳስ አይታይም።»

«አንቺ ሴት! ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ እኮ ነበር!»

«ያኔ ፊትሽን በመስተዋት አይተሽው ታውቂያለሽ? ከዚያ ፊት ብስክሌት ይሻላል።»

ሳቂታ ሳቀች። እትዬ ጥፍር ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ ማድረግ ነበረባት፤ ዘበኛው እንኳ ሰምቶ ፈገግ አለ። ሳቁ ሲያበቃ ግን የሳቂታ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ባሌ ሥራ የፈታ ሰሞን ነበር። እኔም ከተባረርኩ ልጆቼን ምን ላበላ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ብትነግሪኝ እኔው እሸከመው አልነበር?»

«እሱን ስለማውቅ አይደል ያፈርኩት።»

«እኔም ደረቅኩብሽ» አለች እትዬ ጥፍር። «ነይ በይ። አልጋ አለ፣ ቦታ አለ።»

ክረምቱ እንዳለፈ ሳቂታ መጣች፤ ወፍራለች፣ አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወሩ መካኒኩ ሥራ መሥራት አቃተኝ እያለ አጉረመረመ። በአራተኛው ቀን ተያይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ፋብሪካው የሴራሚክ መጋዘን ሆኗል። አዲሱ ዘበኛ አላስገባም ስላላቸው በአጥሩ ቀዳዳ እየተፈራረቁ አዩ። ግድግዳው ያው ነው፤ የመስኮቱ ብረት ዝጓል።

«ያውልሽ የኛ መስኮት፣ ሦስተኛው» አለች ሳቂታ።

«አራተኛው ነው እንጂ! ሦስተኛውማ የቀለም ክፍሉ ነው።»

«ሦስተኛው ነው አልኩሽ! በሱ በኩል አይደል ፎርማኑ ሲመጣ የምናየው?»

አልተስማሙም። እየተጨቃጨቁ ድልድዩን ተሻገሩ፣ እየተጨቃጨቁ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ተጠጋግተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።