ላሟ ያልላሰችው እምብርት

የእንስሳት ሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ፍኖተ ሰላም ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከሰው ቃል ይልቅ ቴርሞሜትሬን የማምን፣ ለቁጣም ቅርብ የሆንኩ ሐኪም ነበርኩ።

አንድ ማለዳ ማንኩሳ አጠገብ ካለ መንደር ተጠራሁ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት ባልቴት ላማቸው ከወለደች አራት ቀኗ ነው፤ እንቦሳዋ ግን መቆም አቅቷታል። የአገራችን ላም ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ ወተት አታወርድም። እንቦሳዋ ሞተች ማለት እናቲቱ ነጠፈች ማለት ነው። ባልቴቷ ደግሞ እናቷ የሞተችባትን ሕፃን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ወተት ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ ልሆን ነው፣ ልጄ» አሉኝ ገና በረቱ ደጃፍ ላይ።

ለካሁ፤ ትኩሳት የለም። እምብርቷን ነካ ነካ አደረግሁ፤ ደርቋል፣ እብጠትም መግልም የለውም።

«ድካም ነው፤ ሞቅ አድርገው ያስተኟት፣ ወተት በጡጦ ይስጧት» አልኩና ቦርሳዬን ዘጋሁ።

«እሱስ አይደለም። ውስጧ እየነደደ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ላሟን እዪያት።»

አየኋት። እንቦሳዋን ከግንባሯ ጀምራ ትልሳለች፤ እምብርቷ ጋ ስትደርስ ታሸትትና ፊቷን ታዞራለች። እንደገና ትጀምራለች፤ እዚያው ስትደርስ እንደገና ትተዋለች።

«ላም ስለሆነች ነው» አልኩ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«አንቺ ኸላሟ ታውቂያለሽ?» አሉ ባልቴቷ፣ ሳይቆጡ።

እኔ ግን ተቆጣሁ። መሳሳታቸውን ላሳያቸው ብዬ ብቻ ከእንቦሳዋ አንገት ደም ቀዳሁና በባጃጅ ወደ ቤተ ሙከራችን ተመለስኩ።

ደሙን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አድርጌ በማሽኑ አሽከረከርኩት። ቀዩ ወደ ታች ወርዶ ከላይ የጠራ ቢጫ ውሃ ቀረ። ቱቦውን እጅ የማይችለው፣ ግን ያልፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየሁትና ደግሜ አሽከረከርኩት። ሰውነት ከውስጥ ሲታመም ጉበት አብዝቶ ወደ ደም የሚልከው ፕሮቲን አለ፤ በዚያ ሙቀት ይረጋና ነጭ ሆኖ ይታያል። በጤነኛ ጥጃ ደም ውስጥ ከክር አይወፍርም።

ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ከቀዩ በላይ እርጎ የመሰለ ወፍራም ነጭ ተቀምጧል። ያላተኮሳት፣ ያላበጠች፣ ያልጮኸች የአራት ቀን እንቦሳ ለካ ብቻዋን ስትታገል ነው የሰነበተችው። ላሟ ደግሞ ያለ ቱቦ፣ ያለ ማሽን ይህን አውቃለች። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ እግዚአብሔርን ፈራሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ቀትር ሳያልፍ መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። አሁን እምብርቷን ጠለቅ አድርጌ ስጫነው እንቦሳዋ አቃሰተች። ቁስሉ ከውስጥ ነበር፤ ጠዋት ግን ላይ ላዩን ብቻ ነበር የነካሁት።

«ደሙ ምን አለ?» አሉ ባልቴቷ።

«እርስዎ ያሉትን።»

«እኔ ምን አልኩ፤ ላሟ ናት እንጂ።»

መርፌ ልወጋት በየቀኑ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን እንቦሳዋ በጉልበቷ ተነሳች፤ በአምስተኛው ቆማ አገኘኋት። ቴርሞሜትሬን ግን አላወጣሁም፤ ከባልቴቷ ጎን ቆሜ ላሟን አየሁ። ግንባሯን ላሰች፣ ጎኗን ላሰች፣ እምብርቷ ጋ ደረሰች። አሸተተች።

ከዚያ ላሰችው።